ፋይበሩ በደጅ እያለፈ ልጁ ለምን ሳይገናኝ ይቀራል? የቻታኑጋ ከተማ ተሞክሮ ሲብራራ

ቻታኑጋ በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት፣ በቴነሲ ወንዝ ዳር የተቆረቆረች፣ 180 ሺህ ገደማ ሕዝብ የሚኖርባት መካከለኛ ከተማ ናት። በሴፕቴምበር 2010 የከተማዋ መብራት ኃይል በሚያገለግለው አካባቢ ለሚገኝ ለእያንዳንዱ ቤትና ሱቅ በሰከንድ አንድ ጊጋቢት (1,000 ሜጋቢት) የሚደርስ ኢንተርኔት ማቅረብ እንደሚችል አስታወቀ፤ በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ይህን ያህል ፍጥነት ለአንድ ከተማ ነዋሪ በሙሉ ያቀረበ ሌላ ድርጅት አልነበረም። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በማርች 2020፣ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ በዚያችው ከተማና እርሷ ባለችበት በሐሚልተን ካውንቲ (ካውንቲ ከግዛት በታች ያለ የአስተዳደር አካባቢ ነው) በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ከቤታቸው ሆነው ትምህርት ለመከታተል የሚያስችል ኢንተርኔት እንደሌላቸው ጎልቶ ታየ። ፋይበሩ በደጃቸው ያልፋል፤ ወደ ቤታቸው ግን አይገባም። የእኛ ሰው «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ትምህርትና ስለ ዲጂታል ቴክኖሎጂ ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ጥያቄ «መስመሩ ተዘርግቷል ወይ?» የሚለው ነው። ቻታኑጋን ለማብራሪያ የመረጥኩት ይህ ጥያቄ በሚገባ የተመለሰባት ከተማ ስለሆነች ነው። መስመሩ በሁሉም ደጅ ካለ በኋላ የሚቀረው ሥራ ምን እንደሆነ ከሌሎች ከተሞች ይልቅ በእርሷ ላይ ገልጦ ማየት ይቻላል።

ነገሩ የተጀመረው በመብራት ነው። ኢ.ፒ.ቢ. እየተባለ የሚጠራው የቻታኑጋ መብራት ኃይል በ1935 የተቋቋመ፣ ንብረትነቱ የከተማው ሕዝብ የሆነ የኤሌክትሪክ አከፋፋይ ድርጅት ሲሆን፣ በቴነሲና በአዋሳኙ ሰሜን ጆርጂያ 1,550 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሸፍን አካባቢ ያገለግላል። ከባድ ነፋስና ዝናብ ሲመጣ ዛፍ በሽቦ ላይ ይወድቅና መብራት ይሄዳል። በድሮው አሠራር ድርጅቱ መብራት መሄዱን የሚያውቀው ደንበኞች ስልክ ደውለው ሲናገሩ ነበር፤ ከዚያም ሠራተኞች መስመሩን ተከትለው በመኪና እየዞሩ የተበላሸበትን ቦታ ይፈልጋሉ። ድርጅቱ ይህን ለመለወጥ በመስመሮቹ ላይ 1,200 ገደማ ራሳቸውን የሚቆጣጠሩ ማብሪያ ማጥፊያዎች ተከለ። እነዚህ መሣሪያዎች የተበላሸውን የመስመር ቁራጭ ለብቻው ነጥለው፣ የቀረው ሰፈር በሌላ አቅጣጫ ኃይል እንዲያገኝ ያደርጋሉ። ለዚህም በሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥ እርስ በርሳቸው መልእክት መለዋወጥ ስላለባቸው የመገናኛ መስመር አስፈለጋቸው፤ ለዚያ የተመረጠው ፋይበር ኦፕቲክ ነበር።

ፋይበር ኦፕቲክ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመስታወት ክር ነው። መልእክቱ በክሩ ውስጥ የሚያልፈው በብርሃን ብልጭታ ሲሆን፣ ብርሃን በመስታወት ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። የመብራት መቆጣጠሪያው ከክሩ አቅም የሚፈልገው እጅግ ጥቂቱን ብቻ በመሆኑ፣ የተረፈውን ለኢንተርኔት፣ ለስልክና ለቴሌቪዥን አገልግሎት አድርጎ መሸጥ ተቻለ። በ2009 የፌዴራሉ መንግሥት ከኢኮኖሚ ማነቃቂያው በጀት ለዘመናዊ የኤሌክትሪክ አውታር 111.5 ሚሊዮን ዶላር ድጎማ ሲሰጠው፣ ድርጅቱ በራሱ ብድር ከጀመረው ግንባታ ጋር አዳምሮ ሥራውን በብዙ አፋጠነው። በ1969 በአሜሪካ አየሯ ከሁሉም የተበከለ ከተማ ተብላ የነበረችው፣ ከዚያም ፋብሪካዎቿ የተዘጉባት ቻታኑጋ በዚህ መንገድ አዲስ ስም አገኘች።

የግል የኬብል ኩባንያዎች ይህን በዝምታ አላዩትም። የሕዝብ ድርጅት ከእኛ ጋር ሊወዳደር አይገባም ብለው ፍርድ ቤት ሄደው ነበር፤ ክሳቸው ግን ውድቅ ሆነ። የግዛቲቱ ሕግ ግን ሁለት አጥር አበጀ፤ ሁለቱም ለኋላው ታሪክ ያስፈልጉናልና ልብ እንበላቸው። አንደኛው፣ ድርጅቱ መብራት ከሚያከፋፍልበት አካባቢ ውጭ ኢንተርኔት እንዳይሸጥ ይከለክላል። የፌዴራሉ የመገናኛ ኮሚሽን በፌብሩዋሪ 2015 ይህን ክልከላ ሽሮት የነበረ ቢሆንም፣ የይግባኝ ፍርድ ቤት በኦገስት 2016 የኮሚሽኑን ውሳኔ ስለሻረው አጥሩ ባለበት ቀረ። ሁለተኛው ደግሞ ድርጅቱ አገልግሎቱን ወጪውን ከሚሸፍን ዋጋ በታች እንዳይሸጥ ያግደዋል። ሕጉ የወጣው ለፍትሐዊ ውድድር ተብሎ ነው፤ በተግባር ግን የሕዝቡ ድርጅት ለድኻው ቤተሰብ «ለአንተ በነፃ ይሁንልህ» ማለት አልቻለም ማለት ነው።

ወደ ትምህርት ቤቶቹ እንምጣ። በአሜሪካ በ1996 በወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ መሠረት ኢ-ሬት የሚባል ድጎማ አለ፤ ትምህርት ቤቶችና የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለኢንተርኔት ከሚከፍሉት ላይ እንደ አካባቢው የድህነት መጠን ከ20 እስከ 90 በመቶ ይቀነስላቸዋል። በዚህም ምክንያት የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በጊዜ ሂደት ከሞላ ጎደል ሁሉም ተገናኙ። በቻታኑጋ ደግሞ ፍጥነቱ ሌላ ቦታ የማይሞከር ነገር ለመሞከር አስችሏል። በ2012 በተከፈተው፣ በሳይንስ፣ በቴክኖሎጂ፣ በምህንድስናና በሒሳብ ላይ በሚያተኩረው የቻታኑጋ ስቴም ትምህርት ቤት ተማሪዎች ከ2,500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በሎስ አንጀለስ፣ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኝ ማይክሮስኮፕ ከክፍላቸው ሆነው በቀጥታ ተጠቅመዋል። በባሕር ውሃ ጠብታ ውስጥ የሚንቀሳቀሱ ጥቃቅን ሕያዋንን እጅግ በጠራ ምስል እያዩ በዚያ ካሉት የሳይንስ መምህር ጋር ይነጋገሩ ነበር። እንዲህ ያለው ትምህርት የሚሠራው ተማሪው በሚያደርገውና በሚያየው መካከል የሚሰማ መዘግየት ከሌለ ብቻ ነው፤ ምስሉ ሁለት ሦስት ሰከንድ ከዘገየ ተማሪው መሣሪያውን መምራት አይችልም።

ሌላም ነበር። የከተማዋ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አራተኛ ፎቅ ለዓመታት የማይፈለግ ዕቃ የሚከማችበት ቦታ ሆኖ ከቆየ በኋላ ወጣቶችና አዋቂዎች ሦስት ገጽታ ያለው ዕቃ የሚያትም (3D) ማሽን፣ የልብስ ስፌት መሣሪያና ፈጣን ኢንተርኔት የሚያገኙበት የሥራ አዳራሽ ሆነ። በ2017 በከተማዋ መኪና የሚሠራው ቮልስዋገን ከግዛቱ መንግሥት ጋር ሆኖ አንድ ሚሊዮን ዶላር መድቦ በካውንቲው 16 ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች በኮምፒውተር የነደፉትን ዕቃ በእጃቸው ሠርተው የሚያወጡባቸው ቤተ ሙከራዎች እንዲከፈቱ አደረገ። እነዚህ ሁሉ የሚያስመሰግኑ ሥራዎች ናቸው። ሆኖም ሁሉም አንድ የጋራ ነገር አላቸው፤ ልጁ ወደ እነርሱ ሲመጣ ያገኛቸዋል፣ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን አብረውት አይሄዱም።

መምህሩ የቤት ሥራ የሚሰጠው በኢንተርኔት ነው፤ የማጣቀሻ መጽሐፉም፣ የልምምድ ጥያቄውም፣ የወላጆች መልእክትም ወደዚያው ከዞረ ቆይቷል። ኢ-ሬት ግን ለትምህርት ቤቱ እንጂ ለተማሪው ቤት የተመደበ ገንዘብ አልነበረም። በፌዴራሉ የመገናኛ ኮሚሽን አባል፣ በኋላም ሊቀ መንበር የሆኑት ጄሲካ ሮዘንወርሰል ይህን ሁኔታ «የቤት ሥራ ክፍተት» እያሉ በተደጋጋሚ ስለተናገሩበት ስሙ በሰፊው ታወቀ። ኢንተርኔት የሌለው ልጅ የቤት ሥራውን በእናቱ ስልክ ትንሽ መስኮት ላይ እየጻፈ ይሠራል፤ የስልኩ ዳታ ካለቀ ዋይፋይ ያለበት ሱቅ ፍለጋ ይሄዳል። በማግስቱ መምህሩ የሚያየው ያልተሠራ የቤት ሥራ ብቻ ነው፤ ምክንያቱን አያይም። ይህ ነገር የሚያሳዝነኝ ስንፍና የሚመስል ነገር ግን ስንፍና ያልሆነ ጉድለት በልጁ ስም ስለሚመዘገብ ነው።

የዋጋው ነገር ደግሞ እንዲህ ነበር። በ2010 ጊጋቢቱ ሲጀመር ወርሃዊ ክፍያው 350 ዶላር ገደማ ስለነበር የተራ ቤተሰብ ነገር አልነበረም፤ ቆይቶ ወደ 70 ዶላር ወረደ። በ2015 ኢ.ፒ.ቢ. ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የተማሪ ቤተሰቦች በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሆነ ኢንተርኔት በወር 26.99 ዶላር ማቅረብ ጀመረ፤ ከዚያ እንዳያወርደው ከወጪ በታች መሸጥን የሚከለክለው ሕግ ያዘው። ለአንድ ደመወዝተኛ 27 ዶላር ቀላል ሊመስል ይችላል። የቤት ኪራይ ከፍሎ እጁ ላይ ምንም ለማይቀረው ሰው ግን በየወሩ የሚመጣ ቋሚ ክፍያ ሁሉ ከባድ ነው፤ ስለዚህ ብዙዎች ሳይመዘገቡ ቀሩ።

በማርች 2020 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ለዓመታት ሲንከባለል የነበረውም ጉዳይ ለነገ የማይባል ሆነ። ከአራት ወር በኋላ፣ በጁላይ 2020፣ ኤች.ሲ.ኤስ. (የሐሚልተን ካውንቲ ትምህርት ቤቶች) ኤድኮኔክት የተባለ ፕሮግራም ይፋ ሆነ። በትምህርት ቤት ነፃ ወይም ቅናሽ ምሳ የሚያገኙ፣ ቤተሰባቸው የመንግሥት የምግብ ድጎማ የሚወስድ፣ ወይም ተማሪዎቹ በአብዛኛው ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች በሚመጡባቸው ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ልጆች ሁሉ፣ በቁጥር ከ28 ሺህ በላይ የሚገመቱ፣ በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሆነ የፋይበር ኢንተርኔት በቤታቸው በነፃ እንዲያገኙ ተወሰነ። ወርሃዊ ክፍያ የለም፣ የዳታ ገደብ የለም፣ ኢንተርኔቱን በቤት ውስጥ የሚያሰራጨው ራውተርና የመግጠሙ ሥራም በነፃ ነው። የመነሻ ወጪው 8.2 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ። ሕጉ መብራት ኃይሉ ብቻውን በነፃ እንዲሰጥ ስለማይፈቅድለት ከተማው፣ ካውንቲው፣ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱና የግል በጎ አድራጊዎች ወጪውን ተካፈሉት፤ ቢያንስ ለአሥር ዓመት እንዲቆይም ቃል ተገባ።

እዚህ ላይ ሁለት ቴክኒካዊ ነገሮች ማብራሪያ ይፈልጋሉ። የመጀመሪያው የ100 ሜጋቢቱ ጉዳይ ነው። በብዙ ቦታ የሚሸጥ የኬብል ኢንተርኔት ለመቀበል ፈጣን ሆኖ ለመላክ እጅግ ቀርፋፋ ነው፤ የተሠራው ሰው ተቀምጦ ፊልም እንዲያይ ታስቦ ስለሆነ ነው። በቀጥታ የሚሰጥ ትምህርት ግን ልጁ መምህሩን እንዲያይ ብቻ ሳይሆን መምህሩም ልጁን እንዲያይና እንዲሰማ ይፈልጋል። በአንድ ቤት ሦስት ልጆች በሦስት ክፍል በአንድ ሰዓት ሲማሩ፣ የእያንዳንዳቸው ምስልና ድምፅ ከቤቱ ወደ ውጭ ስለሚላክ ጠባቡ የመላኪያ መንገድ ይዘጋል፤ አንዱ ሲናገር የሌላው ድምፅ ይቆራረጣል። ኤድኮኔክት ለመላክም ለመቀበልም እኩል 100 ሜጋቢት መስጠቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ዝርዝር ይመስላል፤ በተግባር ግን ልጁ ተመልካች ሆኖ እንዲቀር ወይም ተማሪ እንዲሆን የሚወስነው እርሱ ነው።

ሁለተኛው ልጁንና ቤቱን የማገናኘቱ ሥራ ነው፤ በእኔ አስተያየት የዚህ ሁሉ ታሪክ እምብርት እዚህ ላይ ይገኛል። ትምህርት ቤቱ ልጁን ያውቀዋል፤ ስሙን፣ ክፍሉን፣ ነፃ ምሳ ማግኘት አለማግኘቱን መዝግቧል። መብራት ኃይሉ ደግሞ ቤቱን ያውቀዋል፤ አድራሻውን፣ ቆጣሪውን፣ ፋይበሩ ከየትኛው ምሰሶ እንደሚወርድለት ያውቃል። በዚያ ቤት ውስጥ ያ ልጅ እንደሚኖር ግን ሁለቱም ለየብቻቸው አያውቁም። የግል ኩባንያ ቢሆን ኖሮ ድኻ ቤተሰብን ፈልጎ የማግኘት ምክንያት ባልኖረው፣ ትምህርት ቤቱም ብቻውን ቢሆን ፋይበር የሚያወርድ ሠራተኛ ባልኖረው ነበር። ሁለቱ መዝገቦች እንዲገናኙ ሁለቱም ባለቤቶች ለአንድ ሕዝብ ተጠሪ መሆናቸው መንገዱን አቀለለው።

ሆኖም መዝገቦቹን እንዲሁ አንስቶ መደባለቅ አይቻልም። ልጁ ነፃ ምሳ የሚያገኝ መሆኑ የቤተሰቡን ገቢ የሚያጋልጥ መረጃ ስለሆነ በፌዴራል ሕግ በምስጢር የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ የመጨረሻውን እርምጃ መውሰድ ያለበት ወላጁ ራሱ ነው፤ ከትምህርት ቤቱ መልእክት ይደርሰዋል፣ ከዚያ ወደ መብራት ኃይሉ ሄዶ ወይም ደውሎ ይመዘገባል። ጥንቃቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ እርምጃ የተወሰኑ ቤተሰቦችን መንገድ ላይ ያስቀራል። ቤት የሚቀያይር ተከራይ ፖስታው በድሮ አድራሻው ይቀርበታል። የስልክ ቁጥሩ የተለወጠበት ሰው ሲደወልለት አይገኝም። ባዕድ አገር የሚኖር ሰው ስሙን በመዝገብ ማስፈር ያስፈራዋል። «በነፃ» የሚባል ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ከኋላው ሒሳብ ይዞ ስለመጣበት የተጎዳ ሰው ማስታወቂያውን ሳያነበው ይጥለዋል።

በመጀመሪያው የትምህርት ዓመት ከ10 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተገናኙ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ግን ከ28 ሺህ ላይ ሲታይ ነገሩን በነፃ ማድረግ ብቻውን እንደማይበቃ ያሳያል። የቀሩትን የሚያመጣው ተጨማሪ ሽቦ አይደለም። ወላጁን በስሙ ጠርቶ የሚያነጋግር የትምህርት ቤት ጸሐፊ፣ በቋንቋው የሚያስረዳው ሰው፣ «እኔ ቤት ገብቷል፤ ምንም አላስከፈሉኝም» የሚል ጎረቤት ነው። ዲጂታል የሚባለው ሥራ ትልቁ ክፍል በስልክና በእግር የሚሠራ መሆኑ ለብዙ የከተማ አስተዳደሮች ሳይዋጥ ይቀራል፤ በጀት ሲያዙም ለመሣሪያው እንጂ ለዚህ ሰው ደመወዝ አይመድቡም።

በቻታኑጋ ይህን የተረዳ ሌላ ሥራ ከኮሮናው በፊት ተጀምሮ ነበር። በ2015 ከቦስተን ከተማ ተሞክሮ ተወስዶ የተቋቋመው ቴክ ጎዝ ሆም የተባለው ፕሮግራም ለወላጆችና ለአረጋውያን የ15 ሰዓት ትምህርት ይሰጥ ነበር፤ ያጠናቀቀ ሰው በ50 ዶላር ላፕቶፕ መግዛት ይችል ነበር። ትምህርቱ የሚሰጠው በየሰፈሩ ባሉ ትምህርት ቤቶች፣ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ ክርስቲያኖች ነበር። የማስተማሪያው ቦታ አመራረጥ ብልህነት አለበት። አንዲት አያት ኢሜይል እንዴት እንደሚከፈት አላውቅም ብላ በማታውቀው ቢሮ ፊት ከምታፍር፣ ዘወትር እሑድ በምትቀመጥበት አዳራሽ ከምታውቃቸው ሰዎች ጋር ብትማር ይቀላታል። እናትየዋ የልጇን ውጤትና የቀረበትን ቀን ከትምህርት ቤቱ የኢንተርኔት ገጽ ላይ ራሷ ማየት ስትችል፣ ልጁ ብቻውን አስተርጓሚና ዘበኛ መሆኑ ይቀራል። የከተማው ማኅበረሰቦች በቴክኖሎጂ ተገናኙ ማለት የሚቻለው፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ወላጁ ለትምህርት ቤቱ መልስ መስጠት ሲጀምር ነው።

የቋንቋው ጉዳይ በቻታኑጋ በዋናነት ስፓኒሽ ተናጋሪዎችን ይመለከታል፤ በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ግን አማርኛ ተናጋሪዎችን በቀጥታ ይነካል። በሜሪላንድ ግዛት የሞንትጎመሪ ካውንቲ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች የሚያወጧቸውን ዋና ዋና መልእክቶች ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። በዋሺንግተን ዲሲ ደግሞ በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ነዋሪዎች በቋንቋቸው እንዲያገለግሉ ያስገድዳል፤ አማርኛም ከእነዚያ ቋንቋዎች አንዱ ነው። አንድ ታክሲ ነጂ አባት በስልኩ የሚደርሰው የትምህርት ቤት መልእክት በአማርኛ ሲሆን ቁም ነገሩን ለልጁ ሳያስነብብ ይረዳዋል። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖች ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ፤ ትምህርት ቤቱ የወላጁን ቋንቋ የሚያውቀው ልጁ ሲመዘገብ በሚሞላው ቅጽ ላይ ስለሆነ፣ «እንግሊዝኛ» ብሎ የሞላ ወላጅ አስተርጓሚው ቢኖርም እንኳ ሳይቀርብለት ሊቀር ይችላል።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ደጋግሞ የሚመጣብኝ በአገራችን የነበረው ፕላዝማ ነው። ኢትዮጵያ በ1997 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የቴሌቪዥን ትምህርት በሳተላይት ማሰራጨት ስትጀምር በዘመኑ እጅግ ደፋር እርምጃ ነበር። ሐሳቡም ቀና ነበር፤ የሠለጠነ የሒሳብና የፊዚክስ መምህር በማይገኝበት ገጠርም ሆነ በአዲስ አበባ ያለ ተማሪ አንድ ዓይነት ትምህርት በአንድ ሰዓት እንዲያገኝ ነው። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በእንግሊዝኛ ይተላለፍ ነበር። ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን ስክሪኑ ይወስዳል፤ የክፍሉ መምህር ለመግቢያና ለማጠቃለያ ጥቂት ደቂቃ ይቀርለታል።

ከዚያ ትውልድ የሆነ ሰው የሚያስታውሰው አንድ ነገር አለ። በስክሪኑ ላይ ያለችው መምህርት ጥያቄ ጠይቃ ትጠብቃለች፤ ተማሪው ደብተሩን ሳይገልጥ ሰዓቱ ያልቅና «በጣም ጥሩ» ብላ ታልፋለች። ማንም አልመለሰም፤ እርሷም ማወቅ አትችልም። ሳተላይቱ ምልክት ያወርዳል እንጂ ከክፍሉ ምንም አይቀበልም። ያልገባው ተማሪ «እንደገና» ማለት አይችልም፤ መብራት ከሄደ ደግሞ ያ ትምህርት አለፈ ማለት ነው፣ ነገ የሚመጣው ቀጣዩ ነው። ተማሪውን በፊቱ የሚያውቀውና የት ላይ እንደተደናቀፈ የሚያየው የክፍሉ መምህር ዳር ተደርጎ ነበር። ትምህርቱ በኋላ እየተሻሻለ፣ በአገር ውስጥም እየተዘጋጀ ሄዷል፤ ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያሳዩት ነገር ከቻታኑጋ ጋር ይገጥማል። በአንዱ ቦታ ምልክቱ ክፍል ውስጥ ገብቶ ልጁን ሳያገኘው ቀረ፤ በሌላው ቦታ ፋይበሩ ደጅ ደርሶ ልጁን ሳያገኘው ቀረ። በሁለቱም ዘንድ የጎደለው ልጁን በስሙ የሚያውቅ ሰው በሥራው ውስጥ ሊኖረው የሚገባው ቦታ ነው።

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር የእኛም ትምህርት ቤቶች በኮሮና ሲዘጉ፣ በአዲስ አበባ ብዙ መምህራን የትምህርት ማስታወሻና የልምምድ ጥያቄ በቴሌግራም ይልኩ ነበር። ቴሌግራም የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ፋይሉ በደካማ ኔትወርክም ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ አንዴ ከወረደ ደግሞ ያለ ዳታ ይነበባል፣ ተማሪውም መልሶ መጠየቅ ይችላል። ከፕላዝማው ጋር ሲነጻጸር ርካሽና ያልተጌጠ መንገድ ነው፤ ሆኖም የክፍሉን መምህር ወደ ቦታው መልሶታል። ስማርት ስልክ ያልነበረው ቤተሰብ ልጅ ግን ከዚህም ውጭ ነበር፤ ይህን የሚመዘግብ መዝገብም በወቅቱ በእጃችን አልነበረም።

የሚቀረው የገንዘቡ ጥያቄ ነው። አሜሪካ በመላ አገሪቱ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ለኢንተርኔት ከሚከፍሉት በወር እስከ 30 ዶላር የሚደጉም የፌዴራል ፕሮግራም በ2021 መጨረሻ አቋቁማ ነበር፤ ከ23 ሚሊዮን በላይ ቤተሰቦች ተመዘገቡበት። በ2024 ግን የተመደበለት ገንዘብ አለቀና ምክር ቤቱ ስላላደሰው ቆመ። ለሁለት ዓመት የተለመደ አገልግሎት በድንገት ሲቋረጥ ቤተሰቡ ላይ የሚያመጣው ጉዳት ከገንዘቡ ያልፋል፤ «በነፃ» የሚለውን ቃል በድጋሚ እንዳያምኑት ያደርጋል። ቻታኑጋ የመረጠችው መንገድ ከዚህ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ቃሉ ለአሥር ዓመት ነው፣ መስመሩ የራሷ ነው፣ አንድ ተጨማሪ ቤት ማገናኘት የሚጠይቀው ወጪም ፋይበሩ በደጅ ስላለ አነስተኛ ነው። በቻታኑጋ የሚገኘው የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ ምሁር የፋይበሩ የመጀመሪያ አሥር ዓመት ለአካባቢው 2.69 ቢሊዮን ዶላር ጥቅም እንዳስገኘ አስልተዋል፤ ከዚህ አንጻር 8.2 ሚሊዮኑ ትንሽ ነው።

አሥር ዓመቱ የሚሞላው በ2030 ነው። ፕሮግራሙ በተጀመረበት ዓመት አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ በዚያን ጊዜ 11ኛ ክፍል ይጀምራል፤ ለዩኒቨርሲቲ የሚያመለክትባቸውና ኢንተርኔት ከምንጊዜውም በላይ የሚያስፈልጉባቸው ሁለት ዓመታት ከቃሉ ውጭ ቀርተዋል። ከተማውና ካውንቲው ስለ እነዚያ ሁለት ዓመታት ከአሁኑ መነጋገርና ገንዘቡን ማሰናዳት ይገባቸዋል።